ከጫጉላ ቤት እስከ ጦሳ ግርጌ

«ጫጉላ» የሚለውን ቃል ዛሬ የከተማ ሰው የሚያውቀው «ሽርሽር» ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ ነው። የጫጉላ ሽርሽር። ሁለቱ ቃላት ግን በባሕርያቸው አይገናኙም። ጫጉላ የመቀመጫ ስም ነው፤ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ የሚከተቱበት፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ወይም ከቤቱ ተከፍሎ የሚዘጋጅ ማደሪያ ነው። ሽርሽር ደግሞ የመሄድ ስም ነው። አንዱ «ግቡ» ይላል፤ ሌላው «ውጡ» ይላል። አያቶቻችን ሁለቱን በአንድ ላይ ቢሰሙ ኖሮ ሳይገርማቸው አይቀርም ነበር።

ለመሆኑ በጫጉላው ውስጥ ሁለቱ ሙሽሮች ብቻቸውን ነበሩን? አልነበሩም። ሚዜው በደጅ ነው፤ አንዳንዴም ከደጅ አልፎ በውስጥ ነው። ምግቡን የሚያቀርበው፣ መልእክቱን የሚያደርሰው፣ ሙሽራዋ ስታፍር የሚያግባባው እሱ ነው። ሙሽራዋ ተሸፋፍና ትቀመጣለች፤ ባሏን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ቀን በፊት በቅጡ አይታው አታውቅም። የመጀመሪያዋ ሌሊት ወሬ እንኳ የሁለቱ ሰዎች ምስጢር አልነበረም፤ በማግስቱ በዘፈንና በእልልታ ለሁለቱም ቤተሰብ የሚነገር ምስክርነት ነበር። ወሬው ሳያምር የቀረ እንደሆነ የሚደርሰውን ውርደት የሚሸከመው ማን እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን የምናነሳው የአባቶችን ወግ ለማጣጣል አይደለም። ጫጉላ የራሱ ጥበብ ነበረው። ሁለት የማይተዋወቁ ልጆችን ከእርሻውም ከወፍጮውም ለጥቂት ጊዜ አሳርፎ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ጠጅ አጠጥቶ «ተላመዱ» የሚል ሥርዓት ነው። ይሁንና ጋብቻው የሁለት ቤቶች ውል በመሆኑ ጎጆውም የውሉ ማኅተም የሚደረግበት ቦታ ነበር። ፍቅር ቢመጣ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ትዳሩ ይቀጥላል።

ሽርሽሩ ከየት መጣ?

የሙሽሮች ጉዞ በአውሮፓም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ባለጸጎቹ አዲስ ተጋቢዎች በሠረገላ ሆነው በሠርጉ ቀን ያልተገኙ ዘመዶቻቸውን እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። ብቻቸውንም ላይሄዱ ይችላሉ፤ እህት ወይም ጓደኛ አብሮ ይከተል ነበር። በሌላ አነጋገር የዚያ ጉዞ የመጀመሪያ ዓላማ ከእኛ «መልስ» እምብዛም አይርቅም። የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋና የጉዞ ዋጋ ከረከሰ በኋላ ነው ዘመድ ጥየቃው ቀርቶ ጉዞው የሁለቱ ብቻ የሆነው። በአሜሪካም የናያጋራ ፏፏቴ በዚያው መቶ ዘመን የሙሽሮች መናኸሪያ ለመሆን በቃ። እንግዲህ ሁለት ሰዎችን ከዘመድ አዝማድ ዓይን ነጥሎ ብቻቸውን የተዋቸው የልብ ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የባቡር ትኬትም ድርሻ አለው።

እኛም ዘንድ ነገሩ የመጣው መንገድና ሆቴል ተከትሎ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለሽርሽር የለመዳቸውን ቦታዎች እስቲ እንቁጠር። አምቦ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱ። ሦስቱ ፍል ውሃ ወይም ጠበል የመሰለ ማዕድን ውሃ ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱ ሐይቅ ናቸው። ሁሉም ከዋና ከተማዋ በግማሽ ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደረስባቸዋል። ሁሉም መልካም ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ለመዋኘትና ለመተኛት የሚሄዱባቸው እንጂ እየተራመዱ የሚያነቧቸው ቦታዎች አይደሉም። በዚያ ላይ በሐይቅ ዳር የተሠሩት መዝናኛዎች ዋጋ ደመወዝተኛውን ከበር የሚመልስ እየሆነ መጥቷል። ለአዳራሽ፣ ለመኪና፣ ለካሜራና ለልብስ ሲበደሩ ከርመው ከሠርጉ ማግስት ባዶ ኪሳቸውን የሚያዩ ሙሽሮች ጥቂት አይደሉም። ከሦስት መቶ እንግዳ አንድ መቶውን ቢቀንሱ ኖሮ ለሁለት ሰው የሚሆን ጉዞ በተረፈ ነበር ብሎ የሚመክራቸው ግን የለም፤ መካሪዎቹ እራሳቸው ከእንግዶቹ መካከል ናቸውና።

በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ የተፈለገው ሌላ ሐሳብ ነው። በተራሮች መካከል የተቀመጠች፣ ኪስ የማትጎዳ፣ ታሪኳ ከጋብቻና ከፍቅር ጋር በብዙ ገመድ የተሳሰረ አንዲት ከተማ አለች። ደሴ ናት።

ከመንገዱ እንጀምር

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። ሰውን ማወቅ የሚፈልግ አብሮት መንገድ ይውጣ ይባላልና፣ ለአዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ማን ይተኛል፣ ማን ቦርሳ ይጠብቃል? 

ከደብረ ብርሃን ደጋ ወጥቶ ጣርማበር ሲደረስ መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ ይገባል። ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ የቆፈሩት ጣልያኖች ናቸው፤ አገሪቱን በያዙባቸው አምስት ዓመታት አስመራንና አዲስ አበባን ለማገናኘት የሠሩት ጎዳና አካል ነው። ለጦር ሠራዊት የተሠራ መንገድ ከጊዜ በኋላ ነጋዴውን፣ ተማሪውንና ሙሽራውን አመላልሷል። ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሠሪው ሐሳብና የተጠቃሚው ጥቅም አይገናኙም።

ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ሌላ አገር ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከብባሉ። ትንሽ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬት ይወልቃል። ከዚያ አጣዬን፣ ካራቆሬንና ከሚሴን አልፎ ሜዳውን ሲጨርስ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ሆኖም የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ መንገደኛውን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣዋል። የወለቀው ጃኬት እንደገና ይለበሳል። ከዳገቱ በኋላ ከተማይቱ በአንድ ወገን በጦሳ፣ በሌላ ወገን በአዝዋ ገደል ተከልላ፣ ቦርከና ወንዝን ይዛ፣ በሸለቆው ወገብ ላይ ተዘርግታ ትታያለች። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሙ አንዳንድ ቀን ከረፋድ በፊት አይገለጥም።

«ደሴ»

ስለ ከተማይቱ ስም የሚነገረው ታሪክ ለሙሽሮች የተፈጠረ ይመስላል። በ1870ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አዩ፤ ነገሩን እንደ በጎ ምልክት ቆጥረውት ቦታውን «ደሴ» ብለው ሰየሙት ይባላል። ደስታዬ ማለት ነው። በመስከረም 1875 ዓ.ም. በቀን ብርሃን እንኳ የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ላይ እንደነበረ ግን የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መዝግበውታል።

ታዲያ በዚሁ ጊዜ አካባቢ በወሎ ምድር የተደረገው ሌላው ነገር ምን ነበር? የእምባቦን ጦርነት ተከትሎ ዐፄ ዮሐንስ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክንና የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለማስታረቅና ለመዳኘት ወደ ወሎ መጡ። ከዕርቁ አንዱ ማሰሪያ ጋብቻ ሆነ። የዮሐንስ ልጅ አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገባ። ዘውዲቱ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ንግሥተ ነገሥታት የሆነችው ሴት በሁለት ግዛቶች መካከል እንደ ውል ወረቀት ተሰጠች። አንድ ንጉሥ «ደስታዬ» ብሎ ከተማ በሚሰይምበት ዘመን አንዲት ሕፃን ደስታዋን የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

ይህ የተለየ ጭካኔ ተደርጎ እንዳይወሰድ። የዘመኑ ሥርዓት ነው። ደሴን ደሴ ያደረጓት ሰው ሕይወትም በእንዲህ ያለ ጋብቻ የታጠረ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። ያ ጉባኤ ለብዙ ሙስሊሞች መራራ ነው፤ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የወጣው አዋጅ በወሎ ስደትና ዐመፅ አስከትሏል። ሚካኤል ግን ራስ ሆኑ፤ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋንም አገቡ። ከዚህ ጋብቻ ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። በእስላም ስም የተወለደ አባት፣ የክርስቲያን ንጉሥ ልጅ የሆነች እናት፣ ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ቤት ሊያስተናግድ ሞክሮ ዙፋኑን ያጣ ልጅ። የወሎን ታሪክ በአንድ ቤተሰብ ማጠቃለል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ራስ ሚካኤል በ1880ዎቹ መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ። ፈረሰኞቻቸው በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘምተዋል። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. በልጃቸው ፈቃድ ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ጫኑ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። ከኋላቸው የቀረውን ግን ሙሽሮች ዛሬም በእግራቸው ሄደው ሊያዩት ይችላሉ።

የማይጸየፍ አዳራሽ

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ ራሱ ሐሳብ ነው። ማንንም አይጸየፍም፤ ባላባቱም ባላገሩም፣ ከየትኛውም ወገን የመጣው ሰው ይገባበታል ማለት ነው። ሕንጻው ያለፈበትን መከራ ትተን ስሙን ብቻ ብንይዝ፣ አዲስ ቤት ለሚመሠርቱ ሁለት ሰዎች ከዚህ የተሻለ የቤት ስም ይኖር ይሆን? አማትና ምራት፣ የእሱ ዘመድና የእሷ ዘመድ፣ ደኸየ የተባለውና ከበረ የተባለው አንድ ዓይነት ወንበር የሚያገኙበት ቤት።

ወሎ ይህን ስም ከአዳራሹ ግድግዳ አውጥቶ ወደ ጓዳው አስገብቶታል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ይጋባል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አሕመድና ገብረ ሥላሴ ወንድማማች ሆነው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይህ መቻቻል በአንድ ጉባኤ ውሳኔ የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ጉባኤው ያዘዘው የዚህን ተቃራኒ ነበር። ያመጡት በየመንደሩ ተዋድደው «እንጋባ» ያሉ፣ ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ጋብቻን ለፖለቲካ ሲጠቀምበት፣ ሕዝቡ ፖለቲካው የቀደደውን በጋብቻ ሰፋው።

የሚካኤል የልጅ ልጅ የእቴጌ መነን ነገርም እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው፤ በደሴ ያለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት በእሳቸው ስም ይጠራል። መነን በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከማግባታቸው በፊት በቤተሰብና በመኳንንት ውሳኔ ለሌሎች ተድረው ነበር፤ ልጆችም ወልደዋል። የመጨረሻው ጋብቻም ያለ ፖለቲካ አልነበረም፤ አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ያገናኟቸው ነው። ይሁንና ያ ትዳር ዙፋኑን፣ ስደቱንና የልጆችን ሞት ተሻግሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። የውል ጋብቻ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው ማለት እንደማይቻል ያሳየናል። ነገር ግን እንዲሞቅ የተፈቀደለት በዕድል እንጂ በምርጫ አልነበረም።

ቅኝቱ የተወለደበት ሰፈር

ታዲያ ጌቶቹ በውል ሲጋቡ ሕዝቡ ስለ ፍቅር ምን ይል ነበር? ይዘፍን ነበር። የአማርኛ ዘፈን የሚመላለስባቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ መሆናቸውን ሙዚቃ የሚወድ ሁሉ ያውቃል። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። ሁለቱም ቦታዎች ከደሴ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱባቸው ናቸው። አምባሰል ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ያለው ባለ አምባ አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ደጋው ለአፋር በረሃ እጁን በሚሰጥበት ወሰን ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት።

የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። አፋሩ ግመሉንና አሞሌውን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን፣ ከብቱንና የእጅ ሥራውን ይዞ የሚገናኝበት ጥንታዊ ገበያ ነው። ገበያ የዕቃ መለዋወጫ ብቻ አልነበረም። ልጃገረድ ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የምታገኝበት፣ ጎረምሳ «አየኋት» የሚልበት፣ የተለያዩ ቋንቋዎች በአንድ ቀን የሚደመጡበት አደባባይ ነበር። ፍቅርን የሚያዜም ቅኝት በእንዲህ ያለ የገበያ ከተማ ስም መጠራቱ ሊያስገርመን አይገባም። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት ነው፤ በአምስት ድምፅ ግን ማጣትም ማግኘትም ይነገርበታል። በደርግ ዘመን በወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ውስጥ ታውቃ የወጣችው ማሪቱ ለገሰ ይህን የወሎ ዜማ ለመላው አገር ያሰማች ድምፅ ናት። አንድ ባልና ሚስት በቴፕ ሲሰሙት ያደጉትን የቅኝት ስም በመንገድ ዳር ምልክት ላይ አንብበው ቢያልፉ፣ ያ ደቂቃ ብቻውን የአውቶቡሱን ድካም ይክሳል።

ደስታዬ የተባለችው ከተማ ያየችው

አንባቢ ምናልባት «ይህን ሁሉ ውበት አወራኸን፤ የከተማይቱን ቁስል ለምን ትሸፍናለህ?» ይል ይሆናል። መሸፈን አይቻልም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደዚያ ካዛወሩ ገና አንድ ሳምንት ያህል ነበር፤ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ በዓለም ዞሯል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያኖች ከተማይቱን ያዙ። የፒያሳ ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አዝማችነት የመጣው የደቡብ አፍሪካ ሠራዊት የኮምቦልቻን ዳገት ሰብሮ ገባ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጎዳና የረሃብተኛ ሰልፍ ሆነ። ሰው ከየገጠሩ ተሰዶ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ መጣ፤ መንግሥት ዝም ቢልም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ያሳየው ሥዕል ዝምታውን ሰበረው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የህወሓት ኃይሎች ደሴን ያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቁ ድረስ ሕዝቡ ተሰደደ፤ ተቋማት ተዘረፉ፤ የከተማይቱ ሙዚየም ቅርሶችም ከዝርፊያው አልተረፉም።

ታዲያ ለፍቅር ጉዞ እንዲህ ያለች ከተማ ትመረጣለችን? በበኩሌ የምትመረጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው እላለሁ። ያማረ የመዋኛ ገንዳ ለሙሽሮች የሚነግራቸው ሁሉም ነገር እንዳማረ እንደሚቀር ነው። ደሴ እንዲህ ብላ አትዋሽም። ስሟ ደስታዬ ነው፤ በቦምብም፣ በረሃብም፣ በወረራም ጊዜ ስሟን አልለወጠችም። ሃምሳ ዓመት አብረው ለመኖር ቃል የተገባቡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ምን ይጎዳቸዋል?

ለኪስ የሚስማማ ዕቅድ

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። አራት ሌሊት በቂ ነው። የመጀመሪያው ቀን የመንገድ ነው፤ ደርሶ ገላን ታጥቦ ከመተኛት በቀር ሌላ ዕቅድ አይያዝ። በሁለተኛው ቀን በእግር ከአራዳ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ወደ መድኃኔ ዓለም አካባቢ መዘዋወር ነው። ደሴ ሸለቆውን ተከትላ በርዝመት የተዘረጋች ስለሆነች አይጠፋባትም፤ የደከመው በባጃጅ ይመለሳል። ማታ ማታ ብርዱ ጋቢ ያስፈልገዋል። አንድ ጋቢ ለሁለት ይበቃል፤ ይህም ከወጪ ቅነሳው አንዱ ነው።

ሦስተኛው ቀን የሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ የታወቀ የትምህርት ማዕከል የሆነ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ጭምር የተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ሙሽሮች ግን አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት አትገባበትም። ባል ብቻውን ገብቶ ሚስቱን በደጅ የሚያስጠብቅበት የመጀመሪያ ሳምንት መልካም ጅምር አይመስለኝም። ከሐይቁ ዳር አብሮ ተቀምጦ፣ የተጠበሰ ዓሣ በልቶ፣ ገዳሙን ከሩቅ ማየት ይበቃል፤ ታሪኩን እዚያው ቁጭ ብሎ መተረክ ይቻላል።

አራተኛው ቀን ሰኞ እንዲውል ሆኖ ከታቀደ ለባቲ ይሁን። አምስተኛው ቀን የመልስ ነው።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ወቅት ክረምቱ አልፎ ተራራው ገና ሳይደርቅ የሚታይበት ነው። መስከረም 21 ግን የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው፤ ከየአገሩ ወደ አምባሰል የሚጎርፈው ምእመን በደሴ ስለሚያልፍ ማደሪያ ይጠባል፤ ዋጋም ይወደዳል። በዓሉን ለማክበር ካልሆነ በቀር ከዚያ ሳምንት ወዲህ ወይም ወዲያ መሄድ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ለጉም ወዳጆች ብቻ ናቸው።

ወጪው ለምን ይቀንሳል? መልሱ ቀላል ነው። በደሴ ከሚታየው ነገር አብዛኛው በር የለውም። ጦሳን ለማየት ትኬት አይቆረጥም። ገበያው የሁሉም ነው። አልጋው፣ ምግቡና ሚኒባሱ ለአገሬው ነጋዴና መንገደኛ በሚመች ዋጋ የተሰላ እንጂ ለጎብኚ ተብሎ የተሰቀለ አይደለም። ቡናውም ቢሆን በወሎ ከአቦል እስከ በረካ ተቆጥሮ እንጂ ተቸኩሎ አይጠጣም። በአንድ ስኒ ሒሳብ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ከተማ ለሙሽሮች ኪስ ዘመድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የሰሜኑን መንገድ እንደ ቀድሞው «ነገ እንሂድ» የሚባልበት እንዳይሆን አድርጎታል። ከመነሳት በፊት መንገዱን ከአገሬው ሰውና ከአሽከርካሪዎች መጠየቅ የግድ ነው። ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ማረፊያ አለው፤ ዋጋው ግን ከአውቶቡሱ ጋር አይወዳደርም። መንገዱ ካልተመቸ ዕቅዱን ማስተላለፍ ነውር አይደለም። ጣልያን የሠራው ጎዳና ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል።

እስከዚያው ድረስ ግን ማቀድ አይከለከልም። አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ፣ ካርታ ዘርግቶ፣ ደመወዙን አስልቶ፣ «ሰኞን ባቲ እናውለው፤ ማክሰኞ ደግሞ...» መባባል በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ዘውዲቱ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ የጠየቃት አልነበረም። በጫጉላው የተሸፋፈነችዋን ሙሽራም የጠየቃት አልነበረም። ዛሬ አንድ ወጣት እጮኛውን «የት እንሂድ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ እሷም «እዚያ ሳይሆን እዚህ» ብላ ስትመልስ፣ ሁለቱም ሳያውቁት ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ርቀት ተጉዘዋል። የቀረው 400 ኪሎ ሜትር ነው።